ሰላምታ የማያልፍበት ጎዳና

ለዚህ ታሪክ የምትሰጡት ጊዜ ባክኖ አይቀርም፤ ይህን አስቀድሜ ቃል እገባለሁ። ንጉሥ የሚገደልበት፣ ዘንዶ የሚታረድበት ታሪክ አይደለም። ስሟን በማልጠራት ከተማ በሯን ተሸክማ ስለኖረች አንዲት ወንፊት ሠሪ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ የራሳችሁን ደጃፍ በሌላ ዓይን ካላያችሁት እኔን ውቀሱኝ።

ከተማዋ በሁለት ኮረብታዎች መሃል የተቀመጠች ነበረች። የቆረቆሯት ሰዎች ብልሆች ይሁኑ ቂሎች እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምክንያቱም ትተውት የሄዱት ሕግ እንዲህ ይላል፦ «ድምፅ ከፍ ሳይል ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሰላምታ የሚያልፍበት ቦታ ሰፈር ነው። ለሰፈር ካዝናው ድንጋይ፣ ውሃና መብራት ያወጣል።» ካዝናው የሁሉም ነበር። ገበሬው ከእህሉ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ባለሙያው ከእጁ ሥራ ያዋጣበታል። ሲከፈት ግን በዚህ ሕግ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ለምን በሰላምታ ይሆናል? ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ሊጭበረበር ይችላል፤ የሰው ቁጥርም ቢሆን ጎረቤት ከተሞች ለቆጠራ ቀን ሰው እየተዋዋሱ አስቸግረው ነበር። በየማለዳው ሰላም የሚባባሉ ሁለት ሰዎች ግን የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን ደጅ በጎርፍ እንደተበላ ያውቃሉ። እዚያ መሃል የተነጠፈ ድንጋይ ባለቤት አለው፤ ቢነቀል ጠያቂ አለው። የቆርቋሪዎቹ ሐሳብ ይኸው ነበር።

ይህን የሚያረጋግጥ ሹም ነበር፤ ሰላምታ ሰሚ ይባላል። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። በዚህ ታሪክ ጊዜ ሰላምታ ሰሚው ባሻ ድልነሳሁ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጆሯቸው ከደከመ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ሕጉ ደግሞ ሰሚው መስማት አለበት አይልም። የሚለው፣ ሰሚው መሃል ላይ ቆሞ በትሩን ያንሣ፤ አንደኛው ሰላምታ ያቅርብ፤ ከዚያ ሰሚው ሰላምታ ወደተሰጠው ሰው ሄዶ «ደረሰህ?» ብሎ ይጠይቅ ነው። «ደረሰኝ» ካለ ሰም ቀልጦ ማኅተም ይመታል። ሰሙ እስኪደርቅ ድረስ ቃሉን መመለስ ይቻላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ንጉሡም አይመልሰው።

ወንፊት ሠሪዋ የሻረግ ትባላለች። የምትኖረው «አራት እርምጃ» በሚባል ሰፈር ነበር። ስሙን ያገኘው ከመንገዱ ስፋት ነው፤ ከአንዱ ደጅ እስከ ፊት ለፊቱ ደጅ አራት እርምጃ። በሯ ላይ ተቀምጣ የፈረስ ጭራ እየጎነጎነች ወንፊት ትሠራለች። ፊት ለፊቷ ዘነቡ ናት፤ ከባሏ ከደርበው ጋር። ደርበው ኮርቻ ሰፊ ነው። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከየደጃቸው ሳይነሡ አውርተዋል፣ ተሳድበዋል፣ ታርቀዋል።

«ዘነቡ! ዛሬ ምነው ድምፅሽ ጠፋ? ደርበው አፍሽን በኮርቻ ክር ሰፋው እንዴ?»

«ያንቺን ሊሰፋ ፈልጎ ክሩ አልበቃ ብሎት ነው!»

ከውስጥ ደግሞ ደርበው፦ «እናንተ ሴቶች፣ በኔ መርፌ አትጣሉ! ስንት ሥራ አለብኝ!»

አራት እርምጃ ገነት ነበረች ብዬ አልዋሻችሁም። ክረምት ሲገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የውሃ መውረጃው በተደፈነ ቁጥር የላይኛው ሰፈር ቆሻሻ በየሻረግ ደጅ ያልፋል። ማኅተም ካገኙ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ድንጋዩ ግን አልመጣም። በየዓመቱ ሲጠይቁ «ተራችሁን ጠብቁ» ይባላሉ። ጠበቁ።

ከዕለታት አንድ ቀን የከተማ ማሳመሪያው ሹም አዛዥ ሽብሩ ገመድ ከያዙ ሰዎች ጋር መጡ። «ደስ ይበላችሁ፣ ሰፈራችሁ ሊታደስ ነው!» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። የሻረግም እልል ካሉት አንዷ ነበረች፤ ይህ ኋላ ሲያንገበግባት ኖሯል። ማደስ ማለት ማንሣት መሆኑን ያወቁት ገመዱ በየግድግዳው ላይ ሲታሰር ነው።

«እስክንሠራው ድረስ መጠበቂያ ሜዳ ትቀመጣላችሁ» አሉ አዛዡ። «እያንዳንዱ ሰው በሩን ነቅሎ ይያዝ። በሩን የያዘ ቤቱን እንደያዘ ይቆጠራል። በሩን የጣለ ግን ቤት እንዳልነበረው ነው።»

እንዲህ ሆኖ አራት መቶ አባወራ አራት መቶ በር ተሸክሞ ወደ ሜዳው ወጣ። ሜዳው ላይ ሌላ ሥርዓት ጠበቃቸው። የሜዳው ጸሐፊ በሮቹን በስፋታቸው ደረደራቸው፤ ጠባብ ከጠባብ፣ ሰፊ ከሰፊ። «ለዓይን ያምራል» አለ። የየሻረግ በር አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ የሚገባበት ስለነበረ በምሥራቅ ጫፍ ተመደበች። የዘነቡ በር ግን ኮርቻ የሚያስወጣና የሚያስገባ ሰፊ በር ነው፤ በምዕራብ ጫፍ ዋለች። በሁለቱ መሃል በእግር የግማሽ ቀን መንገድ አለ።

ታዲያ ሄዳ አትጠይቃትም ወይ ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ በር የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። ሰው መጠየቅ የፈለገ በሩን ተሸክሞ መሄድ አለበት። የሻረግ አንድ ጊዜ ሞከረችው። በሩን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ ከማለዳ ጀምራ ሄደች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወገቧ እምቢ አለ። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ደግፈው መለሷት። ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት አለፈ።

ከሜዳው ሰዎች የተለየችበት አንድ ነገር ነበራት። በሯን በሁለት እንጨት ደግፋ አቁማዋለች። ከኋላው ግድግዳ የለም፣ ከፊቱም ሰው የለም። ማለዳ ማለዳ ትከፍተውና «ዘነቡ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላለች።

«እትዬ የሻረግ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አላት አንድ ቀን ጎረቤቷ የሆነ ቆዳ ፋቂ።

«ከዘነቡ ጋር ነዋ።»

«ምን አለችዎት ታዲያ?»

«እሷማ መች ታስወራኛለች ብለህ ነው! ገና አፌን ሳልከፍት ትቀማኛለች።»

ሰውየው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ብዙ ቆየች።

ወደ ከተማው እንመለስ። አራት እርምጃ በነበረችበት ቦታ ላይ መቶ ሃያ እርምጃ ስፋት ያለው ጎዳና ተዘረጋ። መሃሉ ላይ ፏፏቴ፣ ግራና ቀኙ መስታወት የለበሱ ቤቶች። እውነቱን ለመናገር ያምራል። የካዝናው እኩሌታ የወጣው አዛዥ ሽብሩ «ሰፈር ይሆናል» ብለው ቃል ስለገቡ ነው። ለቀሪው እኩሌታ ግን የባሻ ማኅተም ያስፈልጋል። ባሻ ሦስት ቀን ማለዳ ፏፏቴው አጠገብ በትራቸውን ይዘው ቆሙ። የወጣ ሰው የለም። አዲሶቹ ነዋሪዎች በሠረገላ ገብተው በሠረገላ ይወጣሉ፤ ፊት ለፊታቸው ማን እንደሚኖር የሚያውቅ የለም።

አዛዡ ሁለት ዘበኞችን ግራና ቀኝ አቁመው ሰላም ተባባሉ አሉ። ዘበኞቹ ጮኹ። ባሻ አልሰሙም፤ ግን ጠጋ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአንገትህ ሥር ተገትሯል። ድምፅህ ከፍ ብሏል ማለት ነው። አላልፍህም።»

አዛዡ ተጨነቁ። አንድ ሰው ነው ሐሳብ ያመጣላቸው፦ «ከሜዳው ላይ ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወሩ ሁለት ሴቶች አሉ። ሰላምታ ማሳለፍ ለእነሱ ምን ቁም ነገር አለው?»

አዛዡ ራሳቸው ወደ የሻረግ መጡ።

«እማማ፣ ከዚያች ከጓደኛዎ ጋር ፊት ለፊት ቤት ብንሰጥዎትስ?»

የሻረግ እጇ ላይ የነበረውን የፈረስ ጭራ ጣለችው። «ፊት ለፊት?»

«ፊት ለፊት። አንድ ማለዳ ሰላም ትባባላላችሁ፤ ሰላምታዋ ከደረሰዎት ቁልፉን ያኔውኑ እሰጥዎታለሁ።»

«እስከዚያ ላያት እችላለሁ?»

«አይቻልም። ቃል ተማክራችሁ እንዳትመጡ።»

«እና... የቀሩትስ?» አለች በአገጯ በሮቹን እያሳየች።

አዛዡ ሰማዩን አዩ። «ካዝናው ለጎዳናው ከተከፈተ በኋላ የሚተርፍ አይኖርም፤ አልዋሽዎትም። ግን እነሱ መጠበቅ ለምደዋል።»

የሻረግ ገባት። ገብቷትም «ቀኑ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። አትፍረዱባት። ናፍቆት ሰውን ሲይዝ እንዲህ ነው፤ የሚያሳየው አንዲት ደጃፍ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል።

ቀኑ ደረሰ። ለዚያች ማለዳ ብቻ የሁለቱን ሴቶች በር የሜዳው ጸሐፊ እንዲያስጠብቅ ታዘዘ። አዲስ ነጭ ልብስ አልብሰው ከጎዳናው ዳር አቆሟት። ከማዶ ሌላ ነጭ ነገር ቆሟል፤ የወንፊት ቀዳዳ ታክላለች። ዘነቡ ናት፤ አቋቋሟ፣ አንዱን ትከሻ ጣል አድርጋ፣ ያው ራሷ ናት።

ባሻ መሃል ላይ በትራቸውን አነሡ። የዘነቡ አፍ ተንቀሳቀሰ።

ምንም አልመጣም። ፏፏቴው ይንሿሿል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፤ ከዘነቡ ዘንድ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልመጣችም። የሻረግ ሠላሳ ዓመት የሰማችውን ሰላምታ ታውቀዋለች፤ መስማት ያስፈልጋታል? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ በሙሉ በሣቅ ተሞልቶ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ እንዴት አደርሽ? ደርበውስ እንዴት ነው?» አለች።

ባሻ በዝግታ ተራምደው መጡ። «ደረሰሽ?»

ዓይኗን ከዘነቡ ላይ አልነቀለችም።

«ደረሰኝ።»

ሰሙ ቀለጠ፤ ማኅተሙ ተመታ። ሰዎች አጨበጨቡ። አዛዡ ቁልፎቹን ከወገባቸው ፈቱ። የሻረግ ግን ቁልፍ አልጠበቀችም፤ መቶ ሃያውን እርምጃ ከሩጫ በማያንስ እርምጃ አቋረጠች። ዘነቡ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ዓይኗ እንደ እንግዳ ያያታል።

«ዘነቡዬ!»

«ምን አልኩሽ?» አለች ዘነቡ።

«ምን ማለትሽ ነው? እንዴት አደርሽ አልሽኝ እንጂ።»

«‹ደርበው አረፈብኝ› ነው ያልኩሽ።»

የሻረግ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ። ጥቁሬን አውልቀው ይሄን አለበሱኝ፤ ለቅሶ ለበዓል አይሆንም ብለው። እሺ ያልኳቸው ለቤት ብዬ መሰለሽ? በሩን ጥዬ ልመጣ አልችል፣ መልእክት የሚያደርስልኝ የለ፤ በራሴ አፍ ልንገራት ብዬ ነው። ነገርኩሽ። አንቺ ደረትሽን ይዘሽ ሳቅሽ።»

የሻረግ ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለች። አዲሱን ነጠላ ከራሷ ላይ ጎትታ ወገቧ ላይ አሠረችው። «ደርበው! የኔ ጨዋታ! የኔ ወንድም!» ብላ ደረቷን መታች። ያን ጊዜ ዘነቡም አጠገቧ ወረደች፤ ለአሥራ ሁለት ቀን የሚያስለቅሳት አጥታ የቆየችው ሴትዮ አለቀሰች። ያጨበጨቡት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ትንሽ ቆይቶ የሻረግ እንባዋን ጠራረገችና ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» አለቻት ዘነቡ።

«ሰሙ ሳይደርቅ የምመልሰው ነገር አለኝ።»

አዛዥ ሽብሩ መንገዷ ላይ ቆሙ። የምትሄድበት ገብቷቸዋል። «እማማ፣ ሐዘን ነው፣ ይገባኛል። እኔም ሰው ነኝ። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለው ያልቅሱ፤ ለቅሶ ደራሹን ሁሉ ይችላል፤ ሰፊ ነው እኮ!»

«የገደለኝ ስፋቱ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሷም ቤቷን ታጣለች። ስለ እርሷ አያስቡም?»

የሻረግ ወደ ዘነቡ ዞር አለች። ዘነቡ በእጇ ‹ሂጂ› አለቻት፤ ቁጣ ባለበት አኳኋን፣ ልክ ጭቃ ይዛ ስትገባባት እንደምታባርራት። የሻረግ አዛዡን አልፋ ባሻ ድልነሳሁ ፊት ቆመች፤ ከንፈሯን እንዲያዩ ጠጋ አለችና ቃል በቃል እየለየች ተናገረች።

«አልደረሰኝም። አንዲት ቃል አልደረሰችኝም። ስለናፈቅኳት ዋሸሁ።»

ባሻ ከንፈሯን ተከታትለው አነበቡ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ሰሙ ላይ አሳረፉ፤ ገና ለስላሳ ነበር። ማኅተሙ ተጨፈለቀ።

«እኔም አይደርሰኝም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰባት ዓመት ሆነኝ። ‹አልደረሰኝም› የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሁሉም ደረሰኝ እያለ እኔም ደረሰው እያልኩ ስንቱን ማኅተም መታሁት!»

አዛዡ ጮኹ፦ «እንግዲያው ይህ ሁሉ ድንጋይ፣ ይህ ሁሉ መስታወት ምንድነው ሊባል ነው?»

ባሻ የሕጉን ብራና አውጥተው ማንም ገልጦት የማያውቀውን ቀጣዩን ገጽ ገለጡ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦ «ሰላምታ የማያልፍበት ስፍራ ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ በር ያለው ሁሉ በሩን ሊያቆም ይችላል።»

«ይህማ ለግጦሽ ሜዳ ነው የተጻፈው!»

«ለየትኛው ሜዳ እንደሆነ አይልም» አሉ ባሻ፣ ብራናውንም ጠቀለሉ።

ወሬው ሜዳው ላይ በግማሽ ቀን ደረሰ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከኮረብታው ቁልቁል በሮች ሲወርዱ ታዩ። በር በጀርባ፣ በር በራስ ላይ፣ በር በሁለት ሰው ትከሻ፤ ከሩቅ ለሚያይ ከተማ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። ቆዳ ፋቂው የራሱን በር በአናቱ፣ የየሻረግን በር በጀርባው ይዞ መጣ፤ የዘነቡን በር ደግሞ የምዕራብ ጫፍ ሰዎች ተሸክመው አመጡላት። ዘበኞቹ ሊከለክሉ ቢነሡ ባሻ ብራናውን አሳዩአቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ አከበሩት።

መከራው የተጀመረው በሮቹን ለማቆም ሲሞከር ነው። አራት እርምጃ የት ላይ ነበረች?

«የኛ ደጅ እዚህ ጋ ነበር» አለች ዘነቡ።

«አብደሻል? እዚህማ የውሃ መውረጃው ነበር። ስንቴ ወድቀሽበታል!»

«የወደቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ አወጣሁሽ እንጂ።»

አንድ ምልክት አልቀረም። ከድንጋዩ በታች ያለው አፈር ያው አፈር ይሁን እንኳ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ገምተው የየሻረግን በር ፏፏቴው አጠገብ አቆሙትና አራት እርምጃ ሊቆጥሩ ተነሡ። እንደገና ጠብ፦ በማን እግር? የየሻረግ እርምጃ በሦስት ክረምት አጥሯል። የዘነቡ ደግሞ እያነከሰ ነው። ኋላ ዘነቡ ትዝ አላት፤ ሰፈሩ ስም ሲወጣለት መንገዱን በእግሩ የለካው ደርበው ነበር፣ ገና ጎረምሳ ሳለ። አራት እርምጃ ማለት አራት የደርበው እርምጃ ነው።

ያ እርምጃ አሁን የትም አይገኝም።

የዘነቡን በርም እንዲሁ በግምት አቆሙት። ከድሮው ይጥበብ ይስፋ ማንም አያውቅም። የሻረግ ጠብቧል ትላለች፤ ዘነቡ ሰፍቷል ትላለች። አንዳንድ ማለዳ ሁለቱም ሥራቸውን ይተውና በመሃላቸው ያለውን ክፍት ቦታ ዝም ብለው ያዩታል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ስለ መርፌው እንዲጮህ እንደሚጠብቁ ሁሉ።

ባሻ መጥተው መሃል ቆሙ፤ ጠየቁ፤ ማኅተም መቱ፤ ሰሙም ደረቀ። ካዝናው ተከፈተ ወይ? በአንድ ጊዜ አልተከፈተም። ውሃው በሁለተኛው ዓመት መጣ። ድንጋዩ ቀድሞውንም ተነጥፎ ነበር። መብራቱ «በመታየት ላይ ነው» ይባላል፤ ባለበሮቹም ሰኞ ሰኞ አራት አምስት ሆነው እየሄዱ «እስካሁን እያያችሁት ነው?» ይላሉ። ከበሮቹ ኋላ ግድግዳ ቀስ በቀስ እየቆመ ነው። ከመስታወት ቤቶቹ አንዳንድ ሰዎች ወንበር ይዘው መውጣት ጀምረዋል። የሻረግ ዛሬም ማለዳ ሰላም ትላለች፤ አሁን ግን ብላ ስታበቃ አፏን ዘግታ፣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ የዘነቡን ቃል እስከ መጨረሻው ሳትሰማ አትመልስም።

ይኸው ነው። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ነገ ማለዳ ደጃፋችሁ ላይ ውጡ። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው ድምፃችሁን ከፍ ሳታደርጉ ሰላም በሉት፤ መልሱንም ሳትገምቱ ስሙት። ከደረሳችሁ ሁለታችሁ ሆናችሁ ወደሚመለከተው ቢሮ ሂዱና «እዚህ ሰፈር አለ፤ ድንጋያችን፣ ውሃችን፣ መብራታችን የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልደረሳችሁ ደግሞ «ደረሰኝ» አትበሉ። መንገዱን ተሻገሩና ምን እንዳለ ጠይቁት። ሂዱ፣ ሞክሩት።